ተሸክመን እናወጣሻለን

ሰኞ

«ተሸክመን እናወጣሻለን» አለኝ። ሻዩን እያማሰለ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ።

አቶ ታደሰ የመጽሐፌ ምረቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን እኮ ይቀለኝ ነበር፤ ክፉን ሰው ሰድበው ይገላገሉታል። ይሄ ግን ለእኔ ብሎ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተ፣ አዳራሽ ያስፈቀደ፣ ስፖንሰር የለመነ ሰው ነው። ምን ብዬ ልስደበው? ጥያቄዬ አጭር ነበር። ምረቃው ጎባ ነው፣ የአዳራሹ መድረክ ደረጃ አለው፣ እኔ ዊልቸር ላይ ነኝ፤ በምን ልወጣ ነው? መልሱ ከጥያቄዬ አጠረ። ጠንካራ ጠንካራ ልጆች ተመርጠዋል። ካሜራማኑም ተነግሮታል፤ ስወጣ ይቀርጻል። «የሰው ልብ ይነካል» አለኝ፣ ደስ እንዲለኝ።

መጽሐፌን የጻፍኩት የሰው ልብ እንዲነካ አይደለም። ሰው እንዲስቅ ነው፤ ከዚያ እንዲናደድ።

ይባስ ብሎ ደግሞ ሌላ አመጣ። መጽሐፉን የምታነበው ሄለን ናት። የሬዲዮ ጋዜጠኛዋ ሄለን፤ እዚህ ሮቤ ውስጥ ድምፅዋን የማያውቅ የለም። እኔ ስናገር ቃላቱ ከአፌ እየተጎተቱ ነው የሚወጡት። ከተወለድኩ ጀምሮ ጡንቻዎቼ አይታዘዙኝም፤ እግሬም፣ ትንሽ ትንሽ ምላሴም። «ታዳሚው እንዳይሰለች ብለን ነው እንጂ በክፉ አይደለም። አንቺ ፈገግ ብለሽ ትፈርሚያለሽ፣ በቃ።»

በቃ!

አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ቲያትር ተምሬያለሁ። አካል ጉዳት ያለብንና የሌለባቸው ወጣቶች አብረን የምንሠራበት ቡድን ነበር። እዚያ ድምፄን ሊያቃኑልኝ አልሞከሩም። የት እንደምተነፍስ፣ የት ዝም እንደምል፣ ሰውን እንዴት አድርጌ የሚቀጥለውን ቃል እንደማስጠብቅ ነው ያስተማሩኝ። ዳኛ ሆኜ ተውኛለሁ። ነገረኛ አማት ሆኜ ተውኛለሁ፤ ያኔ ከፊት ወንበር የተቀመጠች ሴትዮ ተነስታ ረግማኛለች። አንድም ቀን ግን ለማኝ ሆኜ አልተወንኩም። አሰልጣኛችን ገና በመጀመሪያው ሳምንት «በዚህ ቡድን ለማኝ የሚሆን ካለ በእግሩ የሚሄደው ይሁን» ብሎ ደንግጎልናል።

እና ያቺ ዳኛ፣ ያቺ አማት፣ ለአቶ ታደሰ ምን ብላ መለሰች? «አስብበታለሁ።»

ቤት እስክደርስ ራሴን ስሰድብ መጣሁ።

ማክሰኞ

መጽሐፉ ከታተመ ወዲህ የተባልኩት፦

«አይዞሽ።» (ምን ሆንኩ?)

«ማነው የጻፈልሽ?»

«እንኳንም አእምሮሽ ደህና ሆነ።»

«ከወገብ ከፍታ ማለት ምን ማለት ነው? ሌላ ርዕስ ጠፍቶ?» (ቁጭ ብዬ የማየው የሰውን ቀበቶ፣ የሰውን ኪስ፣ ከኋላው የደበቀውን እጁን ነው። እሱ ነው ከወገብ ከፍታ ማለት።)

«አላህ ያሽርሽ።» ይሄ በቀን በቀን ነው።

ለእናቴ፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ፦ «ሻይ ትጠጣለች?»

የመጨረሻዋ ከሁሉም ትብሳለች። ዛሬ ደግሞ ራሷ እናቴ ጨመረችበት። አቶ ታደሰ ያለውን ነገርኳት። ከገበያ ሸጣ መምጣቷ ነበር፣ የነጭ ሽንኩርት ዘንቢሏን ገና አላወረደችም።

«እና ምን አለበት? እኔስ ስሸከምሽ አይደል የኖርኩት?»

«አዮ! አንቺ እናቴ ነሽ!» ጮህኩባት። እናቴን አዮ ነው የምላት።

ዘንቢሏን አውርዳ ሽንኩርቷን ማራገፍ ጀመረች። እንዲህ ስታደርግ የበለጠ ያናድደኛል። ሚኒባስ ላይ ሰው ሲያነሳኝ አልጠላም። መንገድ ነው፣ አመሰግናለሁ፣ እወርዳለሁ፣ እረሳዋለሁ። በገዛ መጽሐፌ ምረቃ ግን በሕዝብ ፊት እንደ ጆንያ አልነሳም። ልዩነቱን ማስረዳት አቃተኝ። በኦሮምኛም ሞከርኩ፣ በአማርኛም ሞከርኩ።

አንድ ነገር ግን እዚህ ልጻፍ፤ ለሰው ስለማልናገረው። ስለ ደረጃው ወይም ስለ ክብር ብቻ አይደለም። እናቴ ማንበብ አትችልም። መጽሐፉን በዒድ ሻርፗ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣዋለች። አንብቢልኝ ብላኝ አታውቅም፤ እኔም ላንብብልሽ አላልኳትም፤ ምክንያቱም ግማሹ ስለ እሷ ነው። ብቻዋን ሆና ከሰማችው ገመናዋን አደባባይ ያወጣሁባት ይመስላታል። ሰው መሃል ሆና፣ ሰው ሲስቅ እያየች እንድትሰማው ነው የፈለግኩት። እናቴ ይሄን መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰማው አንዴ ብቻ ነው። ያንን አንዴ ለሄለን አልሰጥም።

ረቡዕ

ሄለን ቤታችን መጣች፣ ሙዝ ይዛ። ሙዝ! የታመመ ልትጠይቅ። ተቀብዬ አመሰገንኩ።

ልምምድ ነው አለች። የሼክ ሁሴንን ምዕራፍ ከፈተች። ምዕራፉ እንዲህ ነው፦ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ ልታስፈውሰኝ ወደ ሼክ ሁሴን ቅዱስ ስፍራ ለዚያራ ወሰደችኝ። በገሰራ በኩል በጭነት መኪና፣ መኪናው ከቆመበት ደግሞ ጀርባዋ ላይ አዝላኝ። ሕዝቡ መፈናፈኛ የለውም። ሽማግሌው ዱዓ ሊያደርጉ እጃቸውን ሲያነሱ ያ ሁሉ ሰው ጸጥ አለ። እኔ በዚያ ጸጥታ መሃል «ሽንቴ መጣ!» ብዬ ጮህኩ። ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተከፍሎ መንገድ ሰጠን። ምዕራፉ የሚያልቀው በዚህ ነው፦ «እናቴ እግር ለመነች፤ እኔ ሽንት ቤት ለመንኩ። የእኔ ልመና ቶሎ ተሰማ።»

ሄለን «ሽንቴ መጣ» የምትለውን ቃል ሳግ እየተናነቃት አነበበችው።

አስቆምኳት። ምን እየሆንሽ ነው ብላት «ስሜት እየሰጠሁት» አለች። ከሥሩም ዋሽንት ይገባበታል አለች። ለሽንቴ ዋሽንት! ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ይቺ ግን ከአንጀቷ አይደለም፣ ታዝዛ ነው።

«የሚያስቅ ምዕራፍ እኮ ነው» አልኳት።

መጽሐፉን አገላበጠችው። «እውነቱን ልንገርሽ? መጀመሪያ ሳነበው ሳቅኩ። ከዚያ ደነገጥኩ። በእንደዚህ ዓይነት ነገር መሳቅ ነውር መሰለኝ።»

ይኸው! ከእኔ ጋር መሳቅ ነውር፣ በእኔ ላይ ማልቀስ ጨዋነት። ይሄን ማነው ያስተማራቸው?

መጽሐፉን ተቀብዬ እኔ አነበብኩላት። ሳልቸኩል፣ በራሴ ድምፅ። ሽማግሌው እጃቸውን ያነሱበት ቦታ ስደርስ ዝም አልኩ። ሄለን ምላሴ የታሰረ መስሏት ልትረዳኝ አፏን ስትከፍት ጮህኩባት፣ «ሽንቴ መጣ!» ሻዩን ቀሚሷ ላይ ደፋችው። ከዚያ ሳቀች፣ እስክታለቅስ ሳቀች። ይሄኛውስ እንባ ይሁን።

ስትወጣ ግን በሩ ላይ ቆማ «እኔ የታዘዝኩትን ነው የማደርገው፣ አቶ ታደሰን አንቺ አናግሪው» አለችኝ። ሙዙን እናቴ በላችው።

ሐሙስ

ጎባ ሄድኩ፣ አዳራሹን በዓይኔ ላየው። ሚኒባስ ውስጥ ዊልቸሬ ቦታ ይይዛል ተባለና ጣሪያው ላይ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ከስንዴ ጆንያ ጋር ታሰረ። መንገዱን የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ዘግቶት ከኋላው እየዳኸን፣ ከዚያ ጉም፣ ከዚያ ካፊያ። ጎባ ስንደርስ የወንበሬ ስፖንጅ ውኃ ጠጥቷል። እርጥብ ላይ ተቀምጬ ነው ይሄን ሁሉ ክርክር የተከራከርኩት።

አቶ ታደሰ ባነሩን ሊያሳየኝ ቸኩሏል። አሰቀለልኝ። በትልቁ፦ አካል ጉዳተኝነት አለመቻል አይደለም። ከሥሩ የክብር እንግዳው፣ የባለሥልጣኑ፣ ስም። ከሥሩ፣ ዓይኑ ለደከመ ሰው በማይታይ ፊደል፣ የመጽሐፌ ርዕስ። ፎቶዬ ከታች በኩል ነው የተነሳው፤ የዊልቸሩ ጎማ ከፊቴ ይበልጣል።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«ጎማው አምሮበታል» አልኩት።

አልገባውም። ሳቀ።

አዳራሹን ዞርኩት። ዋናው በር ደረጃ ነው። መድረኩ ደረጃ ነው። ከኋላ ግን አንድ ሰፊ በር አለ፣ ወለሉ ከደጁ ጋር እኩል የሆነ። በዚያ ዊልቸሬን ማንም ሳይነካው ራሴ ገፍቼ ገባሁ። ይሄ የምን በር ነው ብዬ ዘበኛውን ጠየቅኩት። የዕቃ። ወንበርና የድምፅ መሣሪያ የሚገባበት። እንግዲህ አስበውታል ማለት ነው! ለድምፅ ማጉያ መንገድ ያስፈልገዋል ብለው አስበዋል። ደሜ ፈላ።

ራምፕ አሠሩ አልኩት። ሁለት ጣውላ፣ አንድ አናጺ፣ የግማሽ ቀን ሥራ።

«ለአንድ ቀን ብለን?»

«እኔ ለአንድ ቀን ነው እንዴ የማልራመደው?»

ዘበኛው ወደ ሌላ ቦታ አየ። አቶ ታደሰ መነጽሩን አወለቀ። ሕጉም እኮ ያዛል አልኩት። «ሕጉማ ያዛል፣ አዳራሹ ግን ከሕጉ በፊት ነው የተሠራው» አለ። በቁም ነገር ነው ያለው። እንዲያ ከሆነ ከታች፣ ወለሉ ላይ ሆኜ ላንብብ አልኩት። ይሄን ጊዜ እውነተኛ ድንጋጤ ደነገጠ። የክብር እንግዳው መድረክ ላይ ተቀምጠው ደራሲዋ ከታች? ሰው ምን ይላል? ንቀት አይሆንም?

«ለእሳቸው ነው ለእኔ ንቀቱ?»

«ለሁላችንም» አለ። ከዚያ ደከመው መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦ «ዘሀራ፣ እኔ አንቺን ላከብር ነው የፈለግኩት። መከበር እንዲህ ከባድ ነገር ነው እንዴ?»

በዕቃው በር ወጣሁ። መልሱ አሁን ነው የመጣልኝ፤ ሰዓቱ ካለፈ። አዎ፣ ከባድ ነው። መጀመሪያ ሰውየውን መጠየቅ ይፈልጋል።

ዓርብ

ደወለ። ኮሚቴው ተነጋግሯል። ወይ በፕሮግራሙ መሠረት፣ ወይ ምረቃው ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል። ለሌላ ጊዜ ማለት መቼም አይደረግም ማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም። «ነገ እንገናኛለን» ብዬ ዘጋሁት።

ፈርቻለሁ። ይሄን በግልጽ ልጻፈው። ስናደድ ደፋር እመስላለሁ፣ ሆዴ ውስጥ ግን ሰው ሁሉ «ይቺ ምስጋና ቢስ» ሲል ይሰማኛል። ተደርጎልሽ! ተለምኖልሽ! እናቴ ለነገ የምትለብሰውን ልብስ አጥባ፣ አድርቃ፣ ፍራሽ ሥር አድርጋ ተኝታበታለች። ባይሳካ ምን ልላት ነው?

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከቡድናችን ጋር አንድ ከተማ ልንሠራ ሄደን መድረኩ እንደዚሁ ባለ ደረጃ ነበር። ግማሾቻችን መውጣት አንችልም። አሰልጣኛችን ምንም አልተጨነቀም። ተመልካቹን «እባካችሁ ወንበራችሁን አዙሩ» አለ፣ አለቀ። መድረክ ማለት እንጨቱ አይደለም፣ ሰው ፊቱን የሚያዞርበት ቦታ ነው አለን። ያኔ ብልሃት መስሎኝ ነበር። የጎባ ሰው ግን የክብር እንግዳን ጀርባ ይሰጣል? እዚህ አገር ለትልቅ ሰው ጀርባ አይሰጥም። እኔስ ብሆን፣ ባለሥልጣኑን ትቼ ነገ የሚመርቁትን ሐጂ አማንን የመሰለ ሽማግሌ እዚያ ቢቀመጥ ጀርባ እሰጣለሁ?

ሼክ ሁሴንን ጮክ ብዬ ተለማመድኩ። ድምፄ «ሽማግሌው» ላይ ይሰናከላል። እንደገና። እንደገና።

ቅዳሜ



ከእናቴ ጋር በኮንትራት ባጃጅ ሄድን። በዕቃው በር ገባሁ። አዳራሹ ሞልቷል፣ ግማሹ ተማሪ ነው። አበባው፣ ባነሩ፣ መድረኩ ላይ የክብር እንግዳው ከጎናቸው ከተቀመጡት ጋር። ከመድረኩ ሥር አራት ጎረምሶች እጅጌያቸውን ሰብስበው ይጠብቁኛል። ካሜራማኑ ተንበርክኳል።

ፍሬኑን ያዝኩት።

«አልወጣም» አልኩ። አንደኛው ጎረምሳ አልሰማኝም መሰለኝ ክንዴን ያዘኝ። «ልቀቀኝ!» ድምፄ በአዳራሹ ሁሉ ተሰማ። ለዚህስ ይደርሳል ድምፄ። ልጁ እሳት እንደነካ ሰው ለቀቀኝ፤ አሳዘነኝ፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም። አቶ ታደሰ ከመድረኩ ወረደና ጆሮዬ ላይ «እባክሽ፣ በልጆቼ ልለምንሽ» አለኝ። ላቡ ይታየኛል።

ዞርኩ። ወደ አዳራሹ መሃል፣ በወንበሮቹ መካከል ባለው መተላለፊያ ገፋሁ። ሰው ሁሉ የምሄድ መስሎት ሹክሹክታ ጀመረ። መሃል ላይ ቆምኩና ያለ ማይክ «ወንበራችሁን ወደ እኔ አዙሩልኝ፣ ከዚህ ነው የማነበው» አልኩ።

ማንም አልተነሳም።

ይሄን ዝምታ አልረሳውም። በቲያትር ዝምታ አውቃለሁ፣ ይሄ ሌላ ነው። ሰው ሁሉ መድረኩን ያያል፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ጫማውን። አለቀልኝ አልኩ። እናቴን ፈለግኳት፤ ግድግዳው ሥር፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች።

ከዚያ ሄለን ማይኩን ከመድረኩ ይዛ ወረደች። ገመዱን እየጎተተች፣ በተረከዝ ጫማዋ ቀጭ ቀጭ እያለች መጣች። ገመዱ እኔ ጋ ሳይደርስ ተወጠረ። ትንሽ ወደ ፊት ገፋሁ፣ ማይኩን እጄ ላይ አስቀመጠች፣ ከጎኗ ትርፍ ወንበር አንስታ ጀርባዋን ለመድረኩ ሰጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።  ቀጥለው ተማሪዎቹ ተነሱ። የፕላስቲክ ወንበር ወለል ላይ ሲጎተት ድምፁ ጆሮ ይበሳል፤ ደስ አለኝ። የፊተኞቹ ረድፎች አመነቱ። ከፊት የተቀመጡት ሐጂ አማን ግን ተነሱ፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው እኔ ድረስ መጡ። ሽማግሌው ከሄዱ ማን ይቀራል? ሁሉም ዞረ። መድረኩ ላይ የነበሩት የሰው ማጅራት ማየት ጀመሩ።

ሐጂ መክፈቻ ዱዓ ሊያደርጉ ነው። በአገራችን ያለ ሽማግሌ ምርቃት ምንም አይከፈትም። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። «አላህ እግርሽን ያቁምልሽ። ተነስተሽ ለመሄድ ያብቃሽ።» አዳራሹ «አሚን!» አለ። ከሁሉም በላይ ጎልቶ የተሰማኝ የእናቴ አሚን ነው። በጥፊ የተመታሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ይሄን ሁሉ የታገልኩት፣ እሷም ገና እግር ነው የምትለምነው?

ማይኩ እጄ ላይ ነበር።

«ሐጂ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው። እግሬን ለምጄዋለሁ፣ ችግር የለብንም። የተጣላነው ከዚያ ደረጃ ጋር ነው። እባክዎ እሱ ላይ ዱዓ ያድርጉልኝ፣ ይፍረስ።»

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ «አስተግፊሩላህ» አለ። ሐጂ ደረጃውን ዞረው አዩት።  «ደረጃው የመንግሥት ነው፣ ይፍረስ አልልም» አሉ። ከዚያ እጃቸውን እንደገና አነሱ። «አላህ ሆይ፣ በጎኑ መንገድ አውጣለት።»

ያ አሚን ጣሪያውን ነቀነቀው።

አነበብኩ። ቀስ እያልኩ። ዝም የምልበት ቦታ ስደርስ ዝም አልኩ፣ አንድ ሰው አልተንቀሳቀሰም፣ ጠበቁኝ። «ሽንቴ መጣ!» ስል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የክብር እንግዳው ይሄኔ ከመድረኩ ወርደው ከተማሪዎቹ መሃል ወንበር ሲፈልጉ አየኋቸው። ዋሽንት አልነበረም።

ስጨርስ ሰው ከበበኝ። አንዲት ከገሰራ የመጣች ሴት እጄን ይዛ አልለቅ አለች። እንደኔ መራመድ የማትችል፣ ከቤት ወጥታ የማታውቅ ልጅ አለቻት። «እኔ ስሞት ከማን ጋር ትኖራለች?» አለችኝና ታለቅስ ጀመር።  ማክሰኞ እመጣለሁ፣ ልጅሽን አያታለሁ አልኳት።

እናቴ እስከ ሮቤ ድረስ አላናገረችኝም። ነጠላዋን ከአፏ አላነሳችም። ስቃ ይሁን አልቅሳ አላውቅም።

እሁድ

ጠዋት አቶ ታደሰ ደወለ። ድምፁ ያኮረፈ ሰው ድምፅ ነው፣ ግን ደወለ። የክብር እንግዳው ስለ ደረጃው ጠይቀዋል። አናጺ ሊያየው ነው። «እስኪ እናያለን» አለ። ይሄንን ቃል አውቀዋለሁ፤ እየሄድኩ እንደማየው ደግሞ እሱ ይወቅ።

ይሄ አይደለም ግን የዛሬው ነገር።

እናቴ ለነገ ገበያ ሽንኩርቷን ትለቅማለች። ከአጠገቧ ነኝ።  አላስችለኝ አለ።

«አዮ፣ አስቀየምኩሽ?»

«ያነበብሽው ውሸት ነው» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ምኑ?»

«እኔ እግር አልለመንኩም።»

ሽንኩርቷን አስቀመጠች። በኦሮምኛ ነው የነገረችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ቃላቱ እየተጎተቱ እንደ እኔ። «ረቢ፣ ከእኔ በፊት ውሰዳት አልኩ። በአንድ ቀን ብቻ አስቀድማት። ቀብሬሽ በማግስቱ እንድከተልሽ። ለማን ትቼሽ እሞታለሁ? ማን ያጥብሻል፣ ማን ያበላሻል? ዚያራ ሄጄ፣ ያ ሁሉ ሰው ለልጁ ዕድሜ ሲለምን፣ እኔ የልጄን ሞት ለመንኩ። ከዚያ ወዲህ በየሰላቱ ለምኛለሁ።»

ምን እንደተሰማኝ ልጻፍ። ንዴት። መጀመሪያ በእሷ ላይ፤ እውነቴን ነው። ሰው በዚያ ልመና ላይ አዳራሽ ሙሉ ሳቀ፣ እኔ ነኝ ያሳቅኩት! ከዚያ ንዴቱ ከእሷ አለፈ። ልጇ እንድትሞትላት እስክትለምን ድረስ ብቻዋን የተዋት ማነው? አይዞሽ ሲሉ የኖሩት ሁሉ የት ነበሩ? ሙዝ ያመጡት ሁሉ? አንዲት እናት እንዲህ ያለ ልመና የምትለምንበት አገር ላይ ነው አሁን የተናደድኩት፣ እና ገና አልበረደልኝም።

«ትናንትስ?» አልኳት። «አሚን ስትዪ ሰምቼሻለሁ።»

«ለእግርሽ መሰለሽ?» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። «ሰው ሁሉ ወንበሩን ሲያዞርልሽ አየሁ። ረቢ፣ ያንን ልመናዬን ተወው፣ አትስማኝ፣ መልሰው ነው ያልኩት። አሁን እንደ ሰው ሁሉ ይሁን። እናት ቀድማ፣ ልጅ ኋላ።»

አለቀስኩ። ሄለን ብታየኝ ስቃ በሞተች።

መጽሐፉ እንደገና ከታተመ ምን እንደማደርግ አላውቅም። እሷም ጻፊው አላለችኝም፣ አትጻፊው አላለችኝም። እዚህ ግን ጻፍኩት።

የገሰራዋን ሴት ነገርኳት፤ ማክሰኞ ልሄድ ቃል መግባቴን፣ ሴትዮዋ ያለችኝንም እንዳለችው። እናቴ ሽንኩርቱን መልቀም ቀጠለች። ዘንቢሏን ሞልታ «ማክሰኞ ገበያ አልወጣም፣ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች።

«ምን ልታደርጊ? ልትሸከሚኝ?»

«አንቺ ልጅቷን አናግሪ» አለች። «እናትየዋን ለእኔ ተዪልኝ።»